ልብስ ሰፊውና የእህቱ ምንጣፍ

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ለልክ ያለው ፍቅር ከመጠን ትንሽ ያለፈ ነው። የደንበኛ ሱሪ ይቅርና የገዛ ቤቱን መጋረጃ ደጋግሞ ከማሳጠሩ የተነሣ መስኮቱ እስከ ጉልበቱ ራቁቱን ቀርቷል። ለእንዲህ ያለ ሰው ምንጣፍ በአደራ መስጠት ያሳስባል፤ ታላቅ እህቱ ግን በእጇ ያሳደገችው ነውና አመነችው።

ምንጣፉ ክሩ አንድ በአንድ በእጅ የተቋጠረ የፋርስ ሱፍ ነበር፤ መደቡ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ አበባ የተንጣለለበት፣ ዳር ዳሩን ሐረግ የዞረው። «ቤቴ ተሠርቶ እስኪያልቅ አንተ ጋ ይቀመጥ» ብላ ትታለት ሄደች። መቀመጡንስ ተቀመጠ፤ ተጠቅልሎ ግን አልነበረም። ሰውዬው ሳሎኑ ውስጥ ዘረጋው፤ ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋ፤ የትራሶቹን ልብስ ከአበባው ቀለም ጋር አስማማ። ቤቱ አማረ። ችግሩ በሩ ብቻ ነበር፤ ምንጣፉ እየያዘው አልከፈት አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንጣፉን ያዞረው ነበር። እሱ መቀሱን አመጣ። ከአንዱ ዳር ስንዝር ያህል ከነሐረጉ ቆርጦ፣ ጠርዙን በወፍራም ክር ዘመዘመው። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ቁራጩን ከወለል አንሥታ አየችው።

«ሱሪ መሰለህ እንዴ?»

«በሩ አልከፈት አለኝ።»

«ታዲያ በሩን ከሥር በአናጢ አታስልገውም ነበር?»

ይህ መላ ያን ጊዜ ገና ታየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ጠርዝ ላይ መርገጥ አቃተው፤ ወደ ቤቱ የሚገባው እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ሆነ።

እህቱ ቤቷ ማለቁን ደውላ ስትነግረው፣ «ለእጥበት ሰጥቼዋለሁ» አላት። በሳምንቱ ደግሞ፣ «አልደረቀም።»

«የት ነው ያጠቡት፣ ባሕር ውስጥ ነው?»

ሌላ ውሸት ቢፈልግ አጣ። ምንጣፉን ተሸክሞ ወደ አዲሱ ቤቷ ሄደ፤ ገና ሳይዘረጋው፣ «እትዬ፣ ቆርጬዋለሁ» አለ።

ሲዘረጋው ተንበርክካ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ስፌትህ ግን ያምራል» አለች።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ተጣድፎ ሶፋዋን ወደ ተቆረጠው ዳር ሊገፋ ተነሣ፤ «በዚህ በኩል ይሸፍነዋል።»

«ተወው። ሶፋው መስኮቱ ጋ ነው የሚያምረው።»

ስለዚህ ጠርዙ ከመግቢያው ፊት ለፊት ዋለ። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ሐረጉ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። «ወንድሜ አስተካክሎት ነው» ትላለች፣ ድምጿን ሳትቀይር።

እሱ ሊጠይቃት ሲሄድ ጠርዙን እንዳያይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። «እዚያ ነፋስ ይመታሃል፣ ወደዚህ ዙር» ትለዋለች ሻይ እየቀዳች። ይዞራል።