ሊፈርስ የተሠራ ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ ሲል፣ አንዲት ወጣት መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው ሱቄ ገባች። የምሸጠው የግንባታ ዕቃ ነው፤ ምስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ያንን የመሰለ። ቱንቢ ጠየቀች። ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። ሌላው ደንበኛ በእጁ መዘን መዘን አድርጎ፣ በዋጋው ተከራክሮኝ ይሄዳል። ይህቺ ግን ክሩን ፈትታ ወደ በሬ ሄደች፤ ከመቃኑ አናት ላይ አንጠለጠለችውና ብረቱ መወዛወዙን እስኪተው ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

“ጋሼ፣ ቱንቢው ደህና ነው” አለችኝ። “በርዎ ነው የዘመመው።”

በዚያ በር ስንት ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። “ሳትከፍዪ መፈተሽን ማን አስተማረሽ?” አልኳት።

“አሰልጣኛችን።”

ያን ጊዜ ነው ከእርጥቡ አፈር ሽታ ጋር ያ የሥልጠና ግቢ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው።

ያደግኩት ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው። አባቴ ለቡና ለቀማ ከዳውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ የቀን ሠራተኛ ነበር። እኔ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ በቡና ወራት አጋሮ እየሄድኩ ለአንድ ገዢ ጆንያ እፈትሽ ነበር። ሹል ቱቦ ሰክቼ ከመሃልና ከታች ያለውን ቡና አወጣለሁ፤ ምክንያቱም ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው። እርጥቡም ጠጠሩም ታች ነው። አንዴማ የቀኝ እግር ጫማ አግኝቻለሁ፤ ግራው ለሌላ ገዢ ደርሶት ይሆናል። እኔን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ ይኸው ነው፤ ነገርን ሁሉ ከታች መውጋት።

ታዲያ ቀበሌው በር ላይ “ለወጣቶች የግንባታ ሙያ መግቢያ ሥልጠና፣ በነጻ፣ ምሳን ጨምሮ” የሚል ወረቀት ሲለጠፍ፣ እኔ ያየሁት “በነጻ” የምትለዋን ብቻ ነው። በነጻ የመጣ ነገር ታቹ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? አባቴ ግን፣ “ምሳው ጠጠር ቢኖረውም ምሳ ነው፤ ሂድ” አለኝ። ሄድኩ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ነስሩ የሄርማታ ሰፈር ሰው ነበሩ፤ አባታቸውም አያታቸውም ግንበኞች። ንግግር አያበዙም። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ያ ቁልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነከነኝ። በመስኮቱ አጮልቆ ላየ፣ ውስጡ የሲሚንቶ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። እኛ የምንገነባው ግን ቀይ አፈርና አሸዋ ባቦካነው ጭቃ ነው፤ ቡኬት እንለዋለን። ጠዋት ብሎኬት እንደረድራለን። ምሳ ቅቅል ጎደሬ በዳጣ፣ ሲያምርልን የበቆሎ ቂጣ በጎመን። ከዚያ ጋሽ ነስሩ በቱንቢና በውሃ ልክ ይለኩና “አፍርሱ” ይላሉ። እናፈርሳለን፣ ብሎኬቱን እንፍቃለን፣ እናጥባለን። በማግስቱ ያንኑ።

የምንሠራው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። የእኔ ጓደኛ ዘሃራ የምትባል የጌራ ልጅ ነበረች፤ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ነው የምትማረው። አባቷ “የምስክር ወረቀቱን ካላመጣሽ ተመልሰሽ ትዳርሽን ትይዣለሽ” ብሏታል። ስለዚህ እኔ ለምሳው፣ እሷ ለሕይወቷ ነበር የምንመጣው።

አንድ ቀን የፈረስ ጋሪ ሁለት ጆንያ ጭኖ ከግቢያችን ሲወጣ አየሁ። ከኋላው ግራጫ ዱቄት ያንጠባጥባል።

“አየሽ?” አልኳት ዘሃራን። “ለእኛ ጭቃ፣ ለገበያ ሲሚንቶ።”

“እኔ ያየሁት ጋሪ ነው።”

“ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ የሚያስፈርሱን? ግድግዳው ከቆመ ‘ሲሚንቶው የት ገባ’ ተብሎ ይጠየቃላ!”

“አቦ አንተ ደሴ! እናትህ ጡት ስትሰጥህ እንኳ ሳታሸት የጠባህ አይመስለኝም።”

ዓርብ ዓርብ ጋሽ ነስሩ ጁምዓ ሲሄዱ ቁልፉን ለዘሃራ ይሰጧታል፤ ዕቃ የምታወጣውና የምትመልሰው እሷ ናት። “አማና ነው ልጄ፣ አደራ” ይሏታል። ዓርብ የተሠራ ግድግዳ እስከ ሰኞ ይቆያል፤ ሰኞ ተለክቶ ውጤት ይያዝበትና ይፈርሳል። እኔም ዘዴዬን በዚያ ላይ መሠረትኩ። አንድ ዓርብ ጠዋት ሄርማታ ካሉ አንድ ሐጂ ሱቅ በፌስታል ሲሚንቶ ገዝቼ መጣሁ። ዘሃራ ዕቃ ስታድል ከጭቃው ጋር ለወስኩት። ሰኞ “አፍርሱ” ሲባል የእኔ ግድግዳ እምቢ ይላል፤ ሰው ሁሉ ምን እንደተከለከለ በዓይኑ ያያል።

“ቡኬቱ ምነው ገረጣ?” አለች ስትመለስ።

“አፈሩ ነው” አልኳት። ሳይደርቅብኝ ብዬ ቱንቢ እንኳ አላንጠለጠልኩም፤ በዓይኔ ተማምኜ ደረደርኩት።

ሰኞ ጋሽ ነስሩ ቱንቢያቸውን አንጠለጠሉ። ግድግዳችን ከአናቱ አንድ አውራ ጣት ያህል ዘሟል።

“ምንም አይደል፤ አፍርሱና እንደገና ትሠሩታላችሁ” አሉ።

የሌሎቹ እንደ ቂጣ ተላቀቀ። የእኛ ግን ንቅንቅ አላለም። በመዶሻ ሲመታ ሁለት ብሎኬት ለሁለት ተሰነጠቀ። ጋሽ ነስሩ መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ፋቁት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ዘሃራ ዞሩ።

“ዓርብ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?”

“እኔ ጋ” አለች።

“እዚህ ግቢ ከግምጃ ቤቱ በቀር ሲሚንቶ የለም። ከግምጃ ቤት የወሰደ ደግሞ እዚህ አይውልም፤ ታውቂያለሽ።”

“ወላሂ አልነካሁም!” አለች። እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር። የፈታሽ ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ የነገሩን አካሄድ መዘንኩ፤ ያን መዘግየቴን እስከ ዛሬ አልወደውም። ከዚያ፣ “እኔ ነኝ፤ ሄርማታ ገዝቼ ነው” አልኩ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። “ደሴ ገዛ? ከኪሱ አውጥቶ?” አለ አንዱ። “ያውም ለሚፈርስ ግድግዳ!”

ጋሽ ነስሩ አልሳቁም። “ልታድናት ነው። ደግ ነገር ነው፤ ግን ውሸት ነው” አሉኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠረጠር የመሰለኝ እኔ፣ ያንን ያህል እውነት ተናግሬ የሚያምነኝ አጣሁ። ማልኩ፤ ባሰብኝ። በመጨረሻ “ሐጂን እንጠይቅ” አልኩ። ሦስታችንም በጭቃው እየተንሸራተትን ሄርማታ ወረድን። ሐጂ ከመደርደሪያቸው ኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

“ይህን ልጅ ያውቁታል?” አሉ ጋሽ ነስሩ።

“እንዴት እረሳዋለሁ? ዓርብ ሲሚንቶ ከእኔ ገዛ። ፌስታሉን ሦስት ጊዜ አስፈትቶ አሸተተው። ዱቄት ልሸጥለት መስሎት ነው እንዴ?”

ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና መጀመሪያ አለቀሰች መሰለኝ፤ ኋላ ሳቅም ነበረበት። ጋሽ ነስሩ “አፉ በይኝ ልጄ” ብለው ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በእጇ አስያዟት። ለእኔ ምክንያቱን የነገሩኝ ግቢ ስንደርስ ነው።

“ጭቃ የምሰጣችሁ ስህተታችሁ አብሯችሁ እንዳይደርቅ ነው። ሲሚንቶው ለመጨረሻው ወር ነው፤ ያኔ ለትምህርት ቤቱ እውነተኛ ክፍል ትሠራላችሁ። ይህ ግድግዳ ከፈረሰ ብሎኬቱ ያልቃል። ስለዚህ እሱ ይቁም፤ ጓደኛህን በሌብነት ያስጠረጠርክ አንተ ግን ሂድ።”

ዘሃራ እስከ በሩ ሸኘችኝ። “ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነበር” አለች። “ግምጃ ቤቱን አሳዪኝ ብትለኝ አሳይህ ነበር። አልጠየቅከኝም።”

እሷ ወረቀቷን ያዘች፣ ጌራም ለበዓል እንጂ ለትዳር አልተመለሰችም ሲባል ሰማሁ። እኔ ሲሚንቶ ከመለወስ ሲሚንቶ መሸጥ እንደሚሻለኝ ገባኝ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ልጅቷ ክሩን ጠቅልላ ጨርሳለች።

“አሰልጣኝሽ ማን ይባላሉ?”

“እትዬ ዘሃራ። ግቢያችን ውስጥ አንድ የዘመመ ግድግዳ አለ፤ አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚለካው እሱን ነው። ‘የሠራው ሰው መንደራ ቆጪ ሱቅ አለው፣ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ግን ፈትሸሽ ሳታዪ እንዳትከፍዪ’ ብለውኛል።”

“ስለ ጋሪውስ የነገሩሽ ነገር የለም?”

“የምን ጋሪ?”

“ተይው” አልኳት። ያ ጋሪ ምን ጭኖ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ጋሽ ነስሩም በሕይወት የሉ። እሷ ከፍላ ባጃጅ ላይ ወጣች።

ስትሄድ ሌላ ቱንቢ ከመደርደሪያ አውርጄ በሬ ላይ አንጠለጠልኩ። እውነቷን ነው፤ አንድ አውራ ጣት ያህል ዘሟል። ይህ በር ሲገጠም ቀኑን ሙሉ አናጢው ራስ ላይ ቆሜ ነበር የዋልኩት። ዓይኔን ያልነቀልኩት ግን እንዳይሰርቀኝ ብዬ ከምስማሬ ላይ ነበር።