ከእንጦጦ የወረደ ቤት

አሞሌ ሲያለቅስ ያየ ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። እኔ አይቻለሁ። እንጦጦ ላይ ጉሙ እንደ እንግዳ ደጅ ቆሞ አይጠብቅም፤ በሣሩ ክዳን ሾልኮ ይገባና ያገኘውን ሁሉ ያረጥበዋል። ገበያ የምንወጣው ደግሞ በጨው ነበር። ጠገራ ብር የትልቅ ሰው ገንዘብ ነው፤ የኛ ብጤው የሚገበያየው እንደ ቢላዋ መሳያ ድንጋይ ረዘም ተደርጎ በተጠረበ ጨው፣ በአሞሌ ነው። ያጠራቀምኩትን በአቁማዳ ከትቼ፣ ጢስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ሰቅየው ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጥል ባደረ በማግስቱ ጧት ከአቁማዳው አንዲት ጠብታ ወርዳ ባሌ አንገት ላይ አረፈች።

«አንቺ፣ ሀብትሽ እያለቀሰ ነው» አለኝ። «ምን ሆንክ በይው እንጂ። ኩታ ልሁን፣ ቅቤ ልሁን፣ አውጡኝ እያለ እንደሆነስ?»

እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ አቁማዳውን ወደ እሳቱ ዝቅ አደረግኩት።

የምንኖረው ባሌ በሚያገለግለው ጌታ ግቢ ጥግ፣ በአንድ ረጅም ዳስ ውስጥ ነበር። አራት ባልና ሚስት ነን፤ የሚለየን የተንጠለጠለ ቁርበት ነው። አንዱ ሲያስል ሁላችንም እንነቃለን። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስለነበር አንድ ነገር ብቻ ከልቤ አልወጣ አለ፤ ልጄን በሰው ዳስ ውስጥ፣ ከቁርበት ጀርባ አልወልድም። ክረምቱ ሳይጠና የራሴ ጣራ ይኖረኛል። ይህን ካሰብኩ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ስቀመጥ ጊዜው የሚያመልጠኝ ይመስለኛል፤ ስሄድ ይቀለኛል። እግሬ ያን ጊዜ የለመደው ነው እስከ ዛሬ ያልተወው።

ሥራዬም የእግር ሥራ ነበር። ከተራራው ጫፍ በየካ በኩል እወርድና ጌሾ ገዝቼ፣ ተሸክሜ ወጥቼ ለጠጅና ለጠላ ጠማቂዎች እሸጣለሁ። ጌሾውን የምትሰጠኝ እዚያው የካ ሥር የምትኖር የኦሮሞ ሴት ናት፤ በዕድሜ ታላቅ እህቴ ትሆናለች። አዴ እያልኩ ነው የምጠራት፤ በቋንቋዋ ታላቅ ሴት የሚጠራበት ነው። አማርኛዋ ከኔ ኦሮምኛ በብዙ ይሻል ነበር። ከቤቷ በታች የጥጆች መስክ ነበራት። ሽቅብ ከመውጣቴ በፊት ሸክሜን አውርጄ የማርፈው እዚያ ነው። ጥጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ አንዲቱ ቀሚሴን ካልላሰች አትሄድም ነበር።

የዕድሜ እኩዮቼ ቋጣሪዋ ይሉኛል። ጌሾ አብረውኝ የሚሸከሙት ልጃገረዶች ያገኙትን በማግስቱ አንገታቸው ላይ ያደርጉታል፤ ዛሬ ጨሌ፣ ነገ የብር ቀለበት። «አንቺ ለማን ነው የምታስቀምጪው፣ ለጉሙ?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። አንገት ላይ ያለ ጨሌ አያለቅስም።

የወንዶቹ ደግሞ ሌላ ነው። ባሌና ጓደኞቹ ገንዘብ እጃቸው ከገባ አያድርም። ፀጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ፣ ኩታ ይለውጣሉ፣ የቀረውን ጠጅ ቤት ገብተው ይገባበዙበታል። ስቆጣው እንዲህ ይለኝ ነበር፤

«ነገ ዘመቻ ነው። የሞተ ሰው ለማን ያስቀምጣል?»

«ያልሞተስ?»

«ያልሞተ ሰው መሬት ያገኛል። መሬት ደግሞ በጨው አይገዛም፤ ጌታ አይቶ ነው የሚሰጠው። ጌታ የሚያየው በበቅሎ ላይ ያለውን ነው። ስጪኝ ያን አቁማዳ፣ በቅሎ ልግዛበት።»

«በቅሎዋ ብትሞትስ?»

«ቤትሽ ቢቃጠልስ?»

እንዲህ እየተባባልን ስንት ቀን አደርን። የእሱም ነገር እውነት ነበረው፤ ያን ጊዜ ግን አልታየኝም።

በግንቦት አንድ አሮጌ ወታደር ቤቱን ሊሸጥ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ያለ ክብ ቤት ነው፤ ቋሚው የጥድ፣ ምሰሶው የወይራ። እንዲህ ያለ ምሰሶ እንጦጦ ላይ ያን ጊዜም አይገኝም፤ ጫካው ተመንጥሮ አልቆ ለማገዶ እንኳ ሩቅ እንሄድ ነበር። አዴ ቅቤ ልትሸጥ የወጣችበት ቀን ስለነበር ምስክር ትሁነኝ ብዬ ይዣት ሄድኩ።

«ለምን ይሸጡታል፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«አገሬ ልገባ ነው፣ ልጄ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ።»

አዴ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረችው። ምሰሶውን በእጇ ነካ ነካ አደረገችና «መሬቱስ የማን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«መሬቱማ የንጉሥ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የንጉሥ ያልሆነ ምን አለ? ከምሰሶ እስከ ክዳን ያለው ግን የዚች ልጅ ነው።»

አዴ እጇን ከምሰሶው ላይ አነሳች። እኔ አቁማዳዬን እንዳለ ሰጠኋቸው፤ የፈተልኩትንም ድርና ማግ ጨመርኩበት። ባሌ ሲሰማ ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። ማታ መጥቶ ግን ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ወደ ላይ አየ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። «እሺ፣ ቢያንስ ጣራው አያስልም» አለ።

ወር አልሞላም። መኳንንቱ ለመታጠብ ከተራራው ሥር ወዳለው ፍል ውሃ ወረዱ፤ መጀመሪያ ድንኳን ተተከለ፣ ድንኳኑ ሲቆይ አጥር ተከተለው፣ ከዚያ ቤት። የዚያ ሰሞን ኑሯችን ወሬ ነበር። ጧት የተነሳ ሰው የሚጠይቀው «ደህና አደርሽ» ብሎ አይደለም፤ «እነ እገሌ ወረዱ?» ብሎ ነው። ማን ቀድሞ ይወርዳል፣ ማን የት ቦታ ይይዛል፣ ሰው እህል ሲበላ እንኳ ቆሞ ነው። በስተቀኜ ያለው ጎረቤት አንድ ቀን ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ። በሳምንቱ በስተግራዬ ያለው። ሽማግሌው ያን ቤት በዚያ ዋጋ ለምን እንደሸጡልኝ የገባኝ ባሌ ከታች ሲመለስ ነው።

«ያ ሽማግሌሽ አገሩ ገብቷል» አለኝ።

«ሰው አየልህ እንዴ?»

«ራሴ አየሁት። አገሩ ፍል ውሃ ነው፤ ሳር እየከደነ አገኘሁት።»

ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «ነገ የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃ እደፍንልሻለሁ፣ በሰሜን በኩል ነፋስ ይገባል» አለኝ። ያን ቃሉን አልረሳውም።

ክረምቱን እዚያው አሳለፍን። ጌታው ወርደው ስለነበር ባሌ ከታች ይውላል፣ በሳምንት አንድ ቀን ይወጣል። ዙሪያዬ ባዶ ምድጃና የፈረሰ አጥር ብቻ ነው። ጌሾ የሚገዛኝም አልቀረም፤ ጠማቂዎቹ ሁሉ ወርደዋል። ልጄን በነሐሴ፣ በራሴ ጣራ ሥር ወለድኩ። የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለኝ ጎረቤት አልነበረም። በዝናብ ሽቅብ ወጥታ ያረሰችኝ አዴ ናት። አሥር ቀን ስትመላለስ ቅቤውንም ገንፎውንም ከቤቷ እያመጣች ነው።

ከመስቀል በኋላ ባሌ እየሮጠ መጣ።

«መሬት ተሰጠን» አለ። «የጓደኛዬን በቅሎ ተውሼ፣ ኩታ ተውሼ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ጌታው አዩኝ። አላልኩሽም ነበር?»

«ወዴት ነው?»

«በየካ በኩል። ውሃ ቅርብ ነው፣ ጉም የለውም።»

ጓደኞቹን ጠርቶ በሁለት ቀን ቤቱን አፈረሱት። ልጡ ተፈታ፣ ማገሩ ታሰረ፣ ጥዱ በየትከሻው ተጫነ። የወይራውን ምሰሶ ብቻውን ስድስት ሰው እየተቀያየረ ተሸከመው። እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላ ተከተልኩ። ዘወር ብዬ ሳይ ከቤቴ የቀረው ምሰሶው የቆመበት ጉድጓድ ነው።

መንገዱ የጌሾ መንገዴ ነበር፤ ድንጋዩን ሁሉ አውቀዋለሁ። እየወረድን ስንሄድ ልቤ ደስ ይለው ነበር፣ ለአዴ ጎረቤት ልሆንላት ነው እያልኩ። ሰዎቹ ግን የአዴን ቤት አለፉና ዝቅ አሉ። ምሰሶውን ያወረዱት የጥጆቹ መስክ መካከል ላይ ነው።

አዴ ከደጇ ወጥታ ቆማለች። ባሌ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ዋሉ» አላት። እሷ የምታየው ምሰሶውን ነው።

«ያ ምሰሶ አይደለም?» አለችኝ።

«ነው።»

«መሬቱ የማን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር።»

«የንጉሥ ነው አሉን።»

«እኔንም ትናንት እንደዚያ አሉኝ» አለች።

ልጄን እንዳዘልኩ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለባሌ «እዚህ አይተከልም» አልኩት። «እና የት ይተከል?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንጨቱን ተሸክመን ልንመለስ? ልጁን ጉም ውስጥ ልታሳድጊው?» ክፉ ሰው አልነበረም። ተሸካሚዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

በመጨረሻ የተናገረችው አዴ ናት። «ትከሉት» አለች። «እናንተ ካልተከላችሁ ሌላ ይተክለዋል። አንቺ የጥጆቼን ስም ታውቂያለሽ።» ይህን ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ያን ቀን አልወጣችም።

ቤቱ ቆመ። ጥጆቹ ግን መስኩ እንደተያዘ የነገራቸው የለም። ጧት ሲለቀቁ በለመዱት ይመጣሉ፤ ግድግዳዬን ይታከኩበታል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ እኔ መልሼ እለስናለሁ። ያቺ ቀሚሴን የምትልሰው አድጋ ጊደር ሆናለች፤ ደጃፌ ላይ መጥታ ትተኛለች።

አንድ ቀን ባሌ እሾህ ቆርጦ መጣና ዙሪያውን ያጥር ጀመር። ሦስቱን ወገን ጨርሶ በአዴ ቤት በኩል ሲደርስ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«በዚህ በኩል አይታጠርም» አልኩት።

«ከብት ይገባል እኮ።»

«ይግባ። እኛም ገብተናል።»

ከዚያ የተረፈውን እሾህ ጎትቶ ወደ ወንዙ በኩል ወሰደው፤ እዚያ አጥሩ ሳስቶ ነበር።