የአሰልጣኟ ፊት

ቼዝ ክለቡ ውስጥ አሰልጣኟን «ግድግዳ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የእህቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አብራት የምትኖር፣ ከሠልጣኞቿም ሁሉ የላቀች።

ግድግዳ ሆና አልተወለደችም። በተጫዋችነቷ ዘመን አንዲት ወታደር ስትበላባት እንባዋ የሚመጣ፣ ስታሸንፍ ወንበር ገልብጣ የምትነሣ ሴት ነበረች። አሰልጣኝ በሆነች ሰሞን ግን አንድ ተማሪዋ ወሳኝ ጨዋታ ላይ ፈረሱንና ግንቡን እያማረጠ ሳለ ቀና ብሎ አያት። እጁ ወደ ፈረሱ ሲሄድ ሳታስበው ፈገግ አለች። ዳኛው ሁለቱንም ሲያይ ኖሯል፤ ፈገግታዋን እንደ ምልክት ቆጥሮ ጨዋታውን አቋረጠና በልጁ ላይ ሽንፈት ጻፈበት። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ዘጋችው። ደስታም ሆነ ድንጋጤ፣ ሆድ ይፍጀው።

ክፋቱ፣ ለጨዋታ የዘጋችው ፊት ቤት ስትገባም አልከፈት አላት። ሊያገባት ይመላለስ የነበረው ፋርማሲስት፣ «ደስ ይበልሽ ይክፋሽ፣ ራጅ ካልተነሣሽ አይታወቅም» ብሎ ቀልዶ፣ ቀልዶ፣ በመጨረሻ ቀረ።

የእህቷን ልጅ ሩቅ ከተማ ያለ ትልቅ ክለብ ጠራት። የመሄጃዋ ማለዳ ሻንጣዋ በሩ ላይ ቆሞ፣ ታክሲው ታች ጥሩንባውን እየነፋ፣ ልጅቷ አልንቀሳቀስ አለች።

«አክስቴ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

«ቅሪ» የሚለው ቃል አሰልጣኟ አፍ ላይ ደረሰ። ልጅቷ ጨዋታ ሲጠጥርባት እንደምታደርገው ቀና ብላ የአክስቷን ፊት ትመረምር ጀመር። ያን ጊዜ የዓመታት ልማድ ከባለቤቱ ቀደመ፤ ፊቷ ጥርቅም አለ።

«ውሳኔው ያንቺ ነው።»

«እሱን መቼ ጠየቅኩሽ? አንቺስ?»

«ሰዓትሽ እየሄደ ነው።»

ልጅቷ ልትስቅ ሞከረች። «ወይ ግድግዳዬ! ለካ መገላገልሽ ነው» አለችና ጉንጯን ሳም አድርጋ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች።

አሰልጣኟ የታክሲው በር ሲዘጋ ሰማች። ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ደረጃውን ተንደርድራ ስትወርድ ከምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ጋር ተላተመች።

«ውይ እትዬ! ማን ሞተ?»

እጇን ወደ ጉንጯ ሰደደች። ርሷል።

«ማንም። ልጄ ሄደች።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ ትክ ብላ አየቻት። «ታዲያ እሷ እያለች አይለቀስም?»

ታክሲው መታጠፊያውን አልፎ ነበር።