ሲሞቅ ከፍ የሚለው ቧንቧ

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከደምቢ ዶሎ መጥቼ ጎሮ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጉርድ ሾላ ያለው ቢሯችን ለአንድ የዘይት ፋብሪካ የእንፋሎት መስመር ይነድፍ ነበር፤ የእኔ ድርሻ ቧንቧው ከጣሪያው ብረት ላይ በምን እንደሚንጠለጠል መወሰን ነው።

አብዛኛውን ቦታ የብረት ዘንግ ይበቃዋል። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ከሚሠራው ቦይለር ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቧንቧ ግን ሲሞቅ ይረዝማል፤ ላዩ ያለውን አግድም ቧንቧም ይዞት ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ዘንጉ ይላላና ክብደቱ ሁሉ በቦይለሩ አንገት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለዚያ ቦታ አብሮ የሚንቀሳቀስ ባለ ስፕሪንግ ማንጠልጠያ ጠየቅሁ።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና አለቃዬ አልወደዱትም። "አንቺ ጸሎት ስታበዢ ቧንቧውም ወደ ሰማይ የሚሄድ መሰለሽ?" ቢሮው ሳቀ።

"ትንሽ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ጋሼ።"

ስሌቱን ደጋግመው አይተው ፈረሙ። "ካልሠራ ግን ደንበኛው ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ከነቤተሰቡ ታክሲ ሲሳፈር፣ እኔ ክፍሌ ገብቼ ያንኑ ስሌት እንደገና እሠራለሁ።

ቦይለሩ በሚለኮስበት ጠዋት ፋብሪካው ስደርስ ስፕሪንጎቹ ቀይ ፒናቸው እንደተሰካ ነው። ፒኑ እስኪገጠሙ ድረስ ቆልፎ የሚይዛቸው ነው፤ ካልወጣ ማንጠልጠያው ከዘንግ አይለይም።

"ምነው አልነቀላችሁትም?" አልኩት ገጠማውን የሚመራውን ፎርማን።

"አዲስ ዕቃ አይደል፣ እህቴ? እንዳይበላሽ ብለን ነው።" ላስቲኩን እንኳ አልገፈፉለትም፤ ሳሎን ውስጥ ላስቲክ ለብሶ እንደሚኖር ሶፋ።

ስፕሪንጉ የተወጠረው እኔ ባሰላሁት የቧንቧ ክብደት ልክ ነው፤ በትክክል አስልቼ ከሆነ ፒኑ በጣት ይወጣል። ካልሆነ ነክሶ ይይዛል። ፎርማኑ መዶሻ ይዞ ተከተለኝ። መሰላሉ ላይ "ጌታ ሆይ" አልኩና ሳብኩት። ወጣ። የቀሩትም ወጡ፤ ለጥገና ጊዜ እንዲገኙ በየማንጠልጠያቸው ጎን በሽቦ አሰርኳቸው።

"መዶሻዬን በከንቱ አመላለስሽው" አለኝ።

እንፋሎቱ ተለቀቀ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ተጠራርተው ሄዱ፤ ጾም መሆኔን ስለሚያውቁ እኔን የጠራኝ የለም። ከሥር ቆሜ የስፕሪንጉን ጠቋሚ አየሁ። በዝግታ ከፍ እያለች ሄዳ ለሙቅ ጊዜ ካሰመርኩት ምልክት ላይ ቆመች።

"ደረሰ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ በእናቴ ቋንቋ። ደውዬ እንዳልነግራት እናቴ ቤት ስልክ አልነበረም። ከምሳ ከሚመለሱት አንዱ "ሠራ ወይ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ብዬ እዚያው ቆየሁ።