የወፍጯችን ሞተር አባይን ሲሻገር

ልጅ እያለሁ የናፍጣ ሽታ የእናቴ የራሷ ጠረን ይመስለኝ ነበር። የሌላው ልጅ እናት ቅቤ ቅቤ ስትሸት የእኔዋ ናፍጣና ዱቄት ነበር የምትሸተው፤ ሉማሜ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረን። አባቴ ሲሞት የተወላት አንዲት ትንሽ የናፍጣ ሞተር፣ አንድ ጥንድ የወፍጮ ድንጋይና እኔን ነው። ከሦስታችን ሥራ የማይሠራው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በመብላት ግን ከሞተሩም እበልጥ ነበር።

ታዲያ ከተማው ውስጥ የመብራት ወፍጮ ተተከለና ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙላት «ሞተሩ ለብረት ገዢ ይሸጥ» አሉ። እናቴ «እሱ ከሚሸጥ እኔን ሽጡኝ» ብላ ቆላ ወረደች። ስትመለስ ያልታሰበ ነገር ይዛ መጣች። አባይ ዳር ያለው ሰው ማዶ ገበያ የሚሻገረው ባዶ ጀሪካን ታቅፎ በእግሩ እየቀዘፈ ነው፤ ፍየሉና ሽንኩርቱ ዳር ላይ ይቀራል። «ሞተሩን ጀልባ ላይ እሰካዋለሁ» አለች። እንግዲህ ደጋ ተወልዳ ያደገች፣ ከገንዳ በላይ ውሃ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት።

በእሷና በአያ ሙላት መሀል ሽማግሌ ተቀመጠ። ብረት ገዢው ቅዳሜ ይመጣል፤ እስከዚያ ጀልባዋ ማዶ ደርሳ ከተመለሰች ሞተሩ ለእናቴ ይቀራል፣ ካልሆነ ይሸጣል ተባለ።

ጀልባዋን ደብረ ማርቆስ ያሉት በያጅ ጋሼ ደሴ ከላሜራ ሠሯት። የቀረው ከኋላ ሆኖ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ነው፤ እናቴ «ማማሰያው» ነበር የምትለው። ምን ያህል ይሁን ሲሏት ሳታስብ «ትልቅ» አለች። የወፍጮ ሰው ነቻ፤ እኛ ዘንድ ሰልፍ የሚበዛው ትልቅ ድንጋይ ያለው ወፍጮ ላይ ነው። ጋሼ ደሴም አላቅማሙም፤ እያንዳንዱ ክንፉ የድስት ክዳን የሚያህል ባለ ሦስት ክንፍ ነገር በይደው አመጡ።

ሐሙስ በጭነት መኪና በረሃ ወረድን። የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ እያለ ስላስቸገረ ፊት ላይ ክብደት ያስፈልጋል ተባለና ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ወገቤ ላይ ግራና ቀኝ ባዶ ጀሪካን ታስሮልኝ ተቀመጥኩ። ውፍረቴ ለቁም ነገር ሲፈለግ ያኔ የመጀመሪያው ነው፤ እስካሁንም ሁለተኛ አልመጣም።

እናቴ ሞተሩን አስነሳች። ጀልባዋ ንቅንቅ ስትል ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ዱግ... ዱግ... ዱግ እያለ ማቃሰት ጀመረ። ናፍጣ ስትጨምርለት ጭሱ ይብሳል እንጂ ፍጥነት የለም። ጭራሽ ውሃው ወደ ታች ይዞን ሊሄድ ሲል በገመድ ጎትተው አወጡን። ዳር ላይ ዣንጥላቸውን ዘርግተው የተቀመጡት አያ ሙላት፣ «ተዪው የሺ፣ ወፍጮ ለምዶ ነው፤ ውሃውን እየፈጨው ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የተሳቀው በእኛ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እናቴ አልሳቀችም። «ደሴ፣ ይሄ ሞተር አፉን ሞልቶ ጎርሷል» አለች። ወፍጮ ላይም እህል ሲበዛበት ድንጋዩ ይታነቅና ሞተሩ እንዲህ ያቃስታል፤ ያኔ የምትቀንሰው እህሉን ነው። «ክንፉን ቁረጥልኝ።»

«የተቆረጠ እኮ አይቀጠልም፣ እትዬ የሺ።»

«ቁረጥ አልኩህ።»

አያ ሙላት ከዣንጥላው ሥር «ትልቁ ያቃተውን ትንሹ ሊችለው?» አሉ።

«አያ፣ እርስዎ ፀሐይ እንዳይመታዎት» አለች፣ ዞር ሳትል።

ጋሼ ደሴ በሴጌቶ ከየክንፉ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቆረጡ። እሳቸው ሞተሩን ይዘው፣ እኔ እንደ ጆንያ ፊት ተቀምጬ ሞከርን፤ ጭሱ ሳሳ አለ። ደግሞ ቆረጡ። አንዱን ክንፍ ከሌሎቹ አሳጥረውት ኖሮ ጀልባዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች፤ ጥርሴም አብሮ። አስተካከሉ። በየሙከራው እናቴ ዳር ላይ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አርብ ወደ ማታ ድምፁ ተለወጠ፤ ሳያቃስት፣ ሳይጮህም፣ ጥርት ብሎ ሄደ። ዓይኗን ገለጠች። «በቃ፣ ልክ ጤፍ ሲፈጭ እንደነበረው ነው። ከዚህ በኋላ እንዳትነካው።»

ቅዳሜ ብረት ገዢው ከአያ ሙላት ጋር ቆሞ እያየ፣ እናቴ ሞተሩ ጋ፣ እኔ ፊት ሆነን ገባን። ስንሻገር በዓይኔ አየሁ ብል እዋሻለሁ፤ ጨፍኜ ነበር። በጆሮዬ ግን አንድም አላመለጠኝም። መሀል ላይ ኃይለኛው ውሃ ጎናችንን ሲመታን ሞተሩ አንዴ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ያንኑ ድምፁን ያዘ። ዓይኔን የገለጥኩት ማዶ አንዲት ሴት ፍየሏን ጭኔ ላይ ስትጥልብኝ ነው።

በፍየልና በሽንኩርት ተሞልተን ተመለስን። ብረት ገዢው መንገዱን ጀመረ። እናቴ ግን ሞተሩን አላጠፋችም። «አያ ሙላት፣ ይግቡ ላሻግርዎት።»

«እኔ ማዶ ምን ዘመድ አለኝ?» ብለው ዣንጥላቸውን አጠፉ።

ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝም በዚያች ጀልባ ነው። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት አገላብጣለሁ፤ ደረጃ ስወጣ የማቃስተውን ማቃሰት እናቴ ብትሰማ ሴጌቶ ታስመጣ ነበር። የተበላሸ ነገር ሁሉ «አዲስ ግዛ» በሚባልበት ዘመን፣ እንደ እሷ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ይናፍቀኛል።

መሻገሪያው ላይ አሁን ድልድይ አለ። ባለፈው በሚኒባስ ይዣት አለፍን፤ የተከፈተው ዘፈን እንኳ ሳያልቅ ማዶ ነበርን። ልጆቼ በስልካቸው ሲቀርጹ እሷ በመስኮቱ ቁልቁል ውሃውን ታያለች።

«ድልድዩ እንዴት ነው፣ እማዬ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው» አለች። ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ ደግሞ፣ «በዚህ ግን ማንም ይሻገራል።»