ኖራ ልቡ ያልደረሰው አፈር

ከደብረ ብርሃን መጥቼ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ምህንድስና ስማር፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጥቁር አፈር ነበር። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መንገድ ሲሠራበት መንገዱን ይዞ ይነሣል፣ ይዞ ይወርዳል። ኖራ ሲቀላቀልበት ግን ይረጋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ደጋግሜ ስላየሁት አፈሩን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከዚያው ከተማ ወጣ ብሎ በኲሓ በኩል የሚሠራ አጭር መንገድ ሆነ። የእኔ ድርሻ ኖራ የተቀላቀለውን አፈር መርምሮ "ይጠቅጠቅ" ብሎ መፈረም ነው። አፈሩን የሚያገላብጡት የግሬደር ሹፌር ሽበታም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እኔ "አቦይ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ጓለይ" ይሉኛል፣ በትግርኛ አባቴ፣ ልጄ መባባላችን ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ኖራው በጠዋት ተበትኖ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተገላብጧል። እንደ ደንቡ ሁለት ቀን ሊያርፍ ይገባል፤ ኖራው ጓሉን የሚያላላው በዚያ ጊዜ ነው። ኃላፊያችን ግን ሰማዩን እያየ፣

"ዝናብ ሳይቀድመን ዛሬውኑ ብንጠቀጥቀው ምን ይመስልሻል?" አለኝ።

የላዩ አፈር ደቀቅ ብሎ ስላየሁት እሺ አልኩ።

አቦይ ከግሬደሩ ወርደው አንድ ጓል አነሡና በእጃቸው ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ ጥቁር ነበር።

"ጓለይ፣ ኖራው እኮ ልቡ አልደረሰም።"

"ላቦራቶሪ ስሞክረው እንዲህ ሆኖ ረግቷል፣ አቦይ።"

በሠራተኛ ሁሉ ፊት መታረሜ አሳፍሮኝ ነው እንዲያ ያልኩት። እሳቸው ጓሉን ጥለው ወደ ማሽናቸው ሄዱ። እኔም ፈረምኩ።

በሳምንቱ ዘነበ። በማግስቱ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ገብቶ የኋላ ጎማው ተቀበረ። ቦታውን አስቆፍሬ የኖራ መመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ፈሳሹ ኖራ ሲያገኝ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። የጓሎቹ ዳር ዳር ሮዝ ሆነ፤ መሐላቸው እንደጠቆረ ቀረ።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ስሄድ በመንገድ ላይ ሰበብ አላጣሁም፤ ያቻኮለኝ እሱ ነው፣ ዝናቡም አለ። ደጁ ስደርስ ግን ፊርማው የእኔ መሆኑን አሰብኩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። አፈሩ ሳይደርስ ፈርሜያለሁ" አልኩት።

"እኔም ጎትጉቼሻለሁ" አለ። "ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ማረፊያውን ጨምሮ አምስት።"

"ይሁን።"

አቦይን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ንግግሬን አላስጨረሱኝም። "እኔም በወጣትነቴ ድልድይ ጥግ የሞላሁትን አፈር ጎርፍ ወስዶብኛል" አሉና የግሬደራቸውን ዘይት ማየት ቀጠሉ።

ፀሐይ ብልጭ ያለች ዕለት የተጠቀጠቀውን አፈር በግሬደሩ ቀደድነው። ኖራ ጨመርን፣ ገለበጥን፣ ሸራ አልብሰን ተውነው። ሁለቱን ቀን በየሁለት ሰዓቱ እየሄድኩ ሸራውን እገልጥ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ጠዋት አቦይ አንድ ጓል አቀበሉኝ። ጨበጥ ሳደርገው እጄ ላይ ተፈረፈረ።

"እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"ደርሷል" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ኃላፊያችን መጠቅጠቂያውን ሮለር ከማስገባቱ በፊት ሁለታችንንም ይጠይቅ ነበር። አቦይ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ሌላ ሳይት ላይ ነኝ፤ አንዳንድ እሑድ ኲሓ ስሄድ ግን ባጃጁ በዚያ ቦታ ያልፋል። መንገዱ ሁለት ክረምት ዘንቦበት እስካሁን አልተሰነጠቀም።