ክሪስታል ስንጠራ

አረብ አገር፣ ሐዋሊ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከራሄል ጋር ብቻችንን ቀረን። እንድናጠራው የተሰጠንን ዱቄት ሲሞቅ የሚያሟሟ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታል አድርጎ የሚመልስ ፈሳሽ መምረጥ ነበረብን። አሴቶን የሚባለው ፈሳሽ ሳይሞቅም አሟሟው። በፈላ ውሃ ሟሟልን፤ ግን ቢቀዘቅዝም ክሪስታል የለም። ራሄል ልታለቅስ ደረሰች። ትምህርቱን አንዴ ወድቃለች፤ «አብላ» የምንላት አስተማሪያችን መጥታ ክሪስታል የሌለው ብልቃጥ ካየች ክፍል መድገሟ ነው።

«በስሙ ጠርተሽዋል?» አልኳት ኮስተር ብዬ። «ያፍራል እኮ!»

«ሂጂ ወደዛ፣ ውሸታም!»

«ማርያምን! ጥሪውና እዪ።»

እቃ የምመልስ መስዬ ቁምሳጥኑ ጀርባ ተደበቅኩ። ድምፄን አቅጥኜ «አቤት» ልላት ነው።

ብልቃጡ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ክሪስታል!» አለች።

«አቤት» አላት ቀጭን ድምፅ። ብልቃጡ ባንዴ ነጭ ክሪስታል በክሪስታል ሆነ።

ራሄል በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ጉድ! ድምፅሽን እንዴት እንደዛ አደረግሽው?»

እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር።